መምረጥና መፍረድ

«ከእንጨት መርጦ ለታቦት፣ ከሰው መርጦ ለሹመት» የሚለውን የአባቶቻችንን ቃል የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለንም። ቃሉ መልካም ቃል ነው፤ ሰውን ለሥራ የሚያጭ ሁሉ ሊዘነጋው አይገባም። ነገር ግን ጠለቅ ብለን ስንመረምረው አንድ ያልተናገረው ነገር እንዳለ እናገኛለን። ታቦት የሚቀርጸው ሰው ወደ ደን ገብቶ የሚመርጠው አድጎ የጨረሰውን ዛፍ ነው። ቁመቱንና ውፍረቱን በዓይኑ አይቶ፣ ጥንካሬውን በእጁ ዳስሶ፣ ከዚያ በኋላ ይቆርጣል። ትናንት የበቀለውን ቡቃያ ግን «ይህ ለታቦት፣ ያኛው ለማገዶ» ብሎ ሊለየው የሚደፍር ማን ነው? ልጆችንና ወጣቶችን በምንመርጥበት ጊዜ ግን የምናደርገው ይህንኑ ነው። እንግዲህ ገና በማደግ ላይ ያለውን ወጣት ከእኩዮቹ መካከል ለይቶ መውሰድና ሌላውን ወደ ቤቱ መመለስ በውኑ ፍርድ ነውን? ፍርድስ ከሆነ መራጩ የሚጠየቅበት ምንድን ነው? ስለዚህ ነገር ጥቂት ልንናገር ወደድን።

ለምርመራችን የያዝነው ምሳሌ ከአገራችን እጅግ የራቀ ነው፤ ይኸውም የካናዳ ወጣቶች ብሔራዊ የበረዶ ሆኪ ቡድን አመራረጥ ነው። በረዶን በክረምት ከሰማይ ሲወርድ ወይም በራስ ዳሽን አናት ላይ ሲነጣ ካልሆነ በቀር ለማናውቅ ለእኛ ነገሩ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ሆኖም እንግዳነቱ ይጠቅመናል፤ ዘመድና ወገን በሌለበት ጉዳይ ላይ ዓይን ይጠራልና።

የበረዶ ሆኪ ማለት ተጫዋቾች ከሥሩ ስለት ያለው ብረት የተገጠመለት ጫማ አድርገው በረጋ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ፣ ከጠንካራ ጎማ የተሠራች ጠፍጣፋ ክብ ነገር ጫፉ በታጠፈ በትር እየመቱ ወደ ተቃራኒው ወገን መረብ ለማስገባት የሚታገሉበት ጨዋታ ነው። የገናን ጨዋታ የሚያውቅ ሰው የበትሩን ነገር ለመረዳት አይቸግረውም። በአንድ ጊዜ ከየወገኑ ስድስት ሰዎች፣ ማለት አንድ በረኛ፣ ሁለት ተከላካዮችና ሦስት አጥቂዎች ይሰለፋሉ። ፍጥነቱ ብርቱ፣ በትከሻ መጋጨቱም የተፈቀደ ስለ ሆነ አንዱ ተጫዋች አንድ ደቂቃ ያህል እንኳ ሳይቆይ በሌላው ይተካል። ስለዚህም አንድ ቡድን ከ20 በላይ ሰው ያስፈልገዋል።

ከ20 ዓመት በታች የሆኑ ወጣቶች የዓለም ሻምፒዮና በዓለም አቀፉ የበረዶ ሆኪ ፌዴሬሽን በይፋ የታወቀው ከ1977 ጀምሮ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን። ውድድሩ የሚደረገው በየዓመቱ ከፈረንጆች ገና ማግሥት አንሥቶ እስከ ጃንዋሪ መጀመሪያ ባሉት ቀኖች ነው። ካናዳውያን ጨዋታውን እንደ ራሳቸው ርስት ስለሚቆጥሩት፣ በዚያ ሰሞን የብዙው ቤተ ሰብ ጨዋታ ስለ እነዚህ ልጆች ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የአሥራ ስምንትና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ የአንድ ታላቅ አገር ክብር በትከሻው ላይ ይጫንበታል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስተምር ታሪክ አለ። በ1979፣ በ1980 እና በ1981 ካናዳ የላከችው ቡድን ከመላው አገር የተውጣጣ አልነበረም። የወጣት ክለቦችን ዋንጫ ያሸነፈውን ክለብ መሠረት አድርጋ፣ ከሌላ ክለብ ጥቂት ሰዎች ጨምራ ትልክ ነበር። ለዚህ አሠራር ምክንያት አልጠፋለትም፤ አብረው የከረሙ ልጆች በቃል ሳይነጋገሩ በዓይን ይግባባሉና። ውጤቱ ግን አላማረም፤ በ1981 ከስምንት አገሮች ሰባተኛ ሆኑ። ከዚህ በኋላ የአገሪቱ የሆኪ ማኅበር ሐሳቡን ለወጠና ከየክፍለ ሀገሩ የሚመለመል፣ አስቀድሞ በመለማመጃ ሠፈር ተሰብስቦ የሚፈተን ቡድን አቋቋመ። ዴቭ ኪንግ በሚባል አሠልጣኝ የተመራው ይኸው አዲስ ቡድን በ1982 በአሜሪካ ሚኒሶታ በተደረገው ውድድር አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሸነፍ ወርቁን ወሰደ። በዚያ ሥፍራ የካናዳ ብሔራዊ መዝሙር የተቀዳበት ሸክላ ስላልተገኘ፣ ልጆቹ በበረዶው ላይ ቆመው መዝሙሩን በራሳቸው ድምፅ ዘመሩት ይባላል። ከዚያ ወዲህ ይህ የአመራረጥ ሥርዓት ጸና፤ ከ1993 እስከ 1997፣ ደግሞም ከ2005 እስከ 2009 አምስት አምስት ጊዜ በተከታታይ ወርቅ አስገኘ።

ታዲያ ይህን የሰማ ሰው «ከሁሉ የተሻሉትን ለቅሞ ማሰባሰብ ይበቃል» ሊል ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ጥፋት የሠራ ተጫዋች ለሁለት ደቂቃ ከሜዳ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ወገኖቹ በአንድ ሰው ጎድለው መከላከል አለባቸው። ይህን ሥራ የሚሠራው ሰው ግብ አያገባም፤ ስሙም በጋዜጣ አይወጣም፤ ትርፉ በሰውነቱ ጎማዋን ማገድና ቁስል ይዞ መመለስ ነው። ወደ ብሔራዊው ቡድን የሚጠሩት ልጆች ግን እያንዳንዳቸው በየክለባቸው የመጀመሪያው ግብ አግቢ፣ የመጀመሪያው ተወዳጅ የነበሩ ናቸው። መራጩ ከእነዚህ መካከል አንዱን «አንተ እዚህ የምትሠራው ያንን የማይታየውን ሥራ ነው» ማለት አለበት። እሺ የሚለውን ከማይለው ለይቶ ማወቅም የመራጩ ጭንቅ ነው። በክለቡ ብዙ ግብ ያገባው ልጅ ቀርቶ፣ ከእርሱ ያነሰ ያገባው የሚወሰድበት ጊዜ ስላለ ወላጅም ጋዜጠኛም ይጮኻል። በእኛ አስተያየት በዚህ ጊዜ መራጩ የሚከሰስበት ምክንያት የለም። ለአንድ ሥራ ሰው የሚፈልግ ሥራው የሚጠይቀውን ይመርጣል፤ ግንበኛ የሚያስፈልገው ባለቤት ሠዓሊውን ቢመልሰው ሠዓሊው ተበደልሁ ሊል አይችልም።

የመጨረሻው ምርጫ የሚፈጸመው በዲሴምበር ወር ነው። ከሚያስፈልገው ቁጥር በላይ የሆኑ ወጣቶች በአንድ ሆቴል ይሰበሰባሉ፤ ጥቂት ቀኖች ይለማመዳሉ፤ ይጫወታሉ፤ ከዚያም የሚመለሱት ይመለሳሉ። በካናዳ የሆኪ ወግ ውስጥ የታወቀ ነገር አለ፤ ማለዳ የልጁ ክፍል ስልክ ከጮኸ መመለሱ ነው፤ ዝም ካለ ቀርቶለታል። ስለዚህ በዚያች ሌሊት እንቅልፍ የሚወስደው ብዙ አይሆንም። ይህን ያህል ለጨዋታ መጨነቅ ምንድን ነው የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም፤ ነገር ግን የፈተና ውጤት በሰሌዳ ላይ በሚለጠፍበት ማለዳ በትምህርት ቤት ግቢ ቆሞ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ሳንነግረው ይገባዋል።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ለሥራ ስለሚደረግ ምርጫ ነው። ዋናው ጥያቄያችን ግን ከዚህ በታች ያለው ነው። ወደዚያ ሆቴል የደረሱት 30 ያህል ልጆች እንዴት እዚያ ደረሱ? እነርሱን ማን መረጣቸው? መቼስ ተመረጡ? መልሱ የሚገኘው ወደ ኋላ፣ ልጆቹ የዘጠኝና የአሥር ዓመት ሕፃናት ወደ ነበሩበት ጊዜ ስንሄድ ነው።

በ1980ዎቹ አጋማሽ ሮጀር ባርንስሊ የሚባል ካናዳዊ የሥነ ልቡና ምሁር ከቤተ ሰቡ ጋር ሌዝብሪጅ በምትባል የምዕራብ ካናዳ ከተማ የወጣቶች የሆኪ ጨዋታ ለማየት ሄደ። ባለቤቱ ጳውላ በጨዋታው ወረቀት ላይ የታተመውን የተጫዋቾች ስምና የልደት ቀን ስትመለከት አንድ ነገር አየች፤ የብዙዎቹ ልደት በጃንዋሪ፣ በፌብሩዋሪና በማርች ወራት ላይ የተከማቸ ነበር። ምሁሩ ነገሩን ተከታትሎ ከባልደረቦቹ ጋር በ1985 ጥናቱን አሳተመ። ያገኙትም ይህ ነው፤ ከከፍተኛ ደረጃ ከደረሱት ወጣት ተጫዋቾች መካከል ከ10ሩ 4 ያህሉ በዓመቱ የመጀመሪያ ሦስት ወራት የተወለዱ ሲሆኑ፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት የተወለዱት ግን ከ10ሩ 1 ያህል ብቻ ናቸው። እግዚአብሔር የሆኪን ስጦታ በወር ለይቶ እንደማያድል የታወቀ ነው። እንግዲያስ ምክንያቱ ምንድን ነው?

ምክንያቱ በአንድ ጸሐፊ ብዕር የተሠመረ መሥመር ነው። በካናዳ ልጆች ለጨዋታ በዕድሜ ሲከፈሉ የዓመቱ ወሰን ጃንዋሪ 1 ቀን ነው። ጃንዋሪ 2 ቀን የተወለደውና ዲሴምበር 30 ቀን የተወለደው ልጅ የአንድ ዓመት ልጆች ተብለው አብረው ይቆማሉ፤ በመካከላቸው ግን የአሥራ ሁለት ወር ልዩነት አለ። በሠላሳ ዓመት ሰው ዘንድ አሥራ ሁለት ወር ከምንም አይቆጠርም፤ በዘጠኝ ዓመት ልጅ ዘንድ ግን የቁመት፣ የጉልበትና የማስተዋል ልዩነት ያመጣል። አሠልጣኙ መጥቶ ሲያይ ታላቁን «ይህ ተሰጥዎ ያለው ነው» ይላል። ወደ ተመረጡት ቡድን ያስገባዋል። እዚያ የተሻለ አሠልጣኝ ያገኛል፤ ብዙ ጊዜ ይለማመዳል፤ ከጠንካሮች ጋር ይጫወታል። ታናሹ ደግሞ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ በበረዶው ላይ ይውላል። አራት አምስት ዓመት ካለፈ በኋላ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ልዩነቱ የወራት መሆኑ ቀርቷል፤ ያ የተመረጠው አሁን በእውነት የተሻለ ተጫዋች ሆኗል። መራጩም ወደ ኋላ ተመልክቶ «ዓይኔ አልሳተም ነበር» ይላል።

የነገሩ ክብደት እዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን። ስለ ዳኛ ስናስብ የምንፈራው ጉቦ መቀበሉን፣ ወገን መለየቱን፣ ፊት ዐይቶ ማድላቱን ነው። ይህ አሠልጣኝ ግን አንድ ሳንቲም አልተቀበለም፤ ዘመድ አልጠቀመም፤ ያየውን በቅንነት ተናገረ። ሚዛኑ ግን አስቀድሞ የተዛባ ነበር። በተዛባ ሚዛን በቅንነት የሚመዝን ነጋዴ ሌባ አይባልም፤ ሆኖም ሸማቹ ጎድሎበታል። የከፋው ደግሞ ይህ ምርጫ ራሱን በራሱ እውነት የሚያደርግ መሆኑ ነው። በእህል ሚዛን የተሳሳተ ሰው ቤቱ ሲደርስ በሌላ ሚዛን መዝኖ ስሕተቱን ሊያውቅ ይችላል። የልጅ ምርጫ ግን የተመረጠውን ያሳድጋል፤ የተጣለውን ያቀጭጫል፤ ከዚያም ሁለቱን ምስክር አድርጎ ያቆማል። ስሕተቱ የሚታይበት ሥፍራ አይገኝም።

መሥመሩ የሰው ሥራ መሆኑን ለመረዳት ወደ ራሳችን አቆጣጠር መለስ ማለት ይበቃል። በሴፕቴምበር አጋማሽ የተወለደ ልጅ በካናዳ ከዓመቱ ልጆች ከታናናሾቹ ወገን ይቆጠራል። በእኛ አቆጣጠር ግን የመስከረም ልጅ ነውና፣ ዓመታችን የምርጫ ወሰን ቢሆን ኖሮ ከእኩዮቹ ሁሉ ታላቅ ሆኖ በፊተኛው ረድፍ በቆመ ነበር። ያው አንድ ልጅ፣ ያው እግር፣ ያው ልብ ነው፤ የተለወጠው በግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቀን መቁጠሪያ ብቻ ነው። ይህ በሐሳብ ብቻ የምንለው አይደለም። የቤልጅግ እግር ኳስ የወጣቶችን የዕድሜ ወሰን በ1997 ከኦገስት 1 ቀን ወደ ጃንዋሪ 1 ቀን ባዛወረ ጊዜ፣ በወጣት ምርጦች መካከል የመብዛቱ ዕድል ከኦገስት ልጆች ተነሥቶ ወደ ጃንዋሪ ልጆች ሲዛወር ተመራማሪዎች አይተዋል። ቤልጅጎች ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገርም ሞክረዋል፤ በአካል ዘግይተው ለሚያድጉ ልጆች ከዋናው ጎን የሚሄድ ሁለተኛ የታዳጊዎች ብሔራዊ ቡድን አቋቁመዋል። ሐሳቡ ይማርከናል፤ ቡቃያው እስኪረዝም ድረስ አጥር ተሠራለት ማለት ነውና።

የመምህርነትን ሥራ የያዙ አንባቢዎቻችን ይህን ሲያነቡ ስለ በረዶ ብቻ የምንናገር አይመስላቸውም። በአንደኛ ክፍል ወንበር ላይ የስድስት ዓመቱና የስምንት ዓመቱ ልጅ አብረው ይቀመጣሉ። ፈጥኖ እጁን የሚያወጣው ታላቁ ነው። እጁን ያወጣው ይጠየቃል፤ የተጠየቀው ይመሰገናል፤ የተመሰገነው ያጠናል። ታናሹ ግን ዝምታን ይማራል። ይህን ነገር ለእነርሱ ትተን ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

«እውነተኛ ስጦታ ያለው ሰው ምንም ቢሆን አይቀርም፤ እንደ ውሃ መንገዱን ሰብሮ ይወጣል» የሚሉ አሉ። ምስክር ቢጠየቁም ያቀርባሉ። ማርታን ሳን ሉዊ የሚባለው ካናዳዊ በቁመቱ አጭርነት ምክንያት የትልቁ ሊግ ክለቦች በየዓመቱ ወጣቶችን በሚመርጡበት ጊዜ ማንም ሳይመርጠው ቀረ። ሰውየው ግን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ተጫወተ፤ በኋላም በራሱ ጥረት ወደ ሊጉ ገባ። በ2004 የሊጉ ከፍተኛ ነጥብ አስመዝጋቢ፣ የዓመቱም ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ በዚያው ዓመት ከክለቡ ጋር ታላቁን ዋንጫ አነሣ። በ2013 በሠላሳ ሰባት ዓመቱ ዳግመኛ በነጥብ አንደኛ ሆነ። በ2014 ለኦሊምፒክ ብሔራዊ ቡድን ሲመረጥ በመጀመሪያ ስሙ ተዘለለ፤ ሌላ ተጫዋች ስለ ተጎዳ ተጠራና ወርቅ ይዞ ተመለሰ። በዕድሜው መጨረሻ ላይ እንኳ መራጮች ሊያዩት አልቻሉም ነበር ማለት ነው!

በሌላው ወገን ደግሞ ዌይን ግሬትስኪ አለ። በ1978 በሞንትሪያል በተደረገው የወጣቶች ሻምፒዮና ላይ የ16 ዓመት ልጅ ሳለ ከሁሉ በላይ ነጥብ አስመዘገበ፤ ያን ጊዜ ካናዳ ነሐስ አገኘች። ይህ ልጅ በዕድሜ ከሚበልጡት መካከል ገብቶ የበለጠ ስለ ሆነ የተፈጥሮ ስጦታ የሚባል ነገር መኖሩን አንክድም። (የተወለደው ጃንዋሪ 26 ቀን መሆኑን በቅንፍ ብንጠቅስ አንባቢ አይቀየመን።)

እነዚህ ምስክሮች እውነተኞች ናቸው፤ የምስክርነታቸው ፍሬ ግን ተከራካሪዎቹ የሚሉት አይደለም። ሳን ሉዊን ያወቅነው ተሻግሮ ስለ መጣ ነው። ወንዝ ሞልቶ በነበረበት ቀን የተሻገረውን ሰው አይቶ «ውሃው አያሰምጥም» የሚል ሰው የሰመጡትን ስላላነጋገረ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመቱ «አንተ አትሆንም» ተብሎ ጫማውን በግድግዳ ላይ የሰቀለው ልጅ ዛሬ ነጋዴ ወይም ሐኪም ሆኖ ይሆናል፤ ምን ሊሆን ይችል እንደ ነበረ ግን እርሱም እኛም ልናውቅ አንችልም። ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ማስረጃ አለ። ከ1980 እስከ 2006 በትልቁ ሊግ የተመረጡትን ወጣቶች የመረመረና በ2013 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በዓመቱ መጨረሻ ወራት የተወለዱት ቁጥራቸው ጥቂት፣ የሚመረጡበትም ተራ የዘገየ ሲሆን፣ ከተመረጡ በኋላ ግን ብዙ ጨዋታ በመጫወትና ብዙ ነጥብ በማስመዝገብ ከተሰጣቸው ተራ በላይ ሆነው ተገኝተዋል። የዕቃ ዋጋ ጠባቂ የሆኑት፣ ለዚህ ሥራ ብቻ ደመወዝ የሚከፈላቸው አዋቂዎች፣ በ18 ዓመት ወጣት ላይ እንኳ የልደቱን ወር ጥላ ከራሱ ከልጁ ለይተው ማየት አልቻሉም።

መራጭ መመረጥንና መጣልን በራሱ ላይ ቢያየው የተሻለ መራጭ ይሆን ይሆን? የአሜሪካው ኸርብ ብሩክስ ታሪክ ይህን ጥያቄ ያስነሣብናል። በ1960 የአሜሪካ ኦሊምፒክ ቡድን ሲዘጋጅ በመጨረሻው ሰዓት የተቀነሰው ሰው እርሱ ነበር፤ ቡድኑም ያለ እርሱ ሄዶ ወርቅ አገኘ። በ1964 እና በ1968 ተመርጦ ተጫወተ፤ ወርቅ ግን አላገኘም። በ1980 ደግሞ አሠልጣኝ ሆኖ፣ አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከነበሩት ወጣቶች መካከል 20 ሰው ብቻ መውሰድ ነበረበት። ስመ ጥር የሆነውን ሁሉ አልሰበሰበም፤ ያሰበውን አጨዋወት የሚሸከሙለትን መረጠ። ፌብሩዋሪ 22 ቀን በሌክ ፕላሲድ የማይበገር ይባል የነበረውን የሶቪየት ኅብረት ቡድን ያሸነፉት እነዚያ ልጆች ናቸው፤ ወርቁም የእነርሱ ሆነ። ነገር ግን ከዚያ በፊት ብሩክስ ያንኑ በ1960 በእርሱ ላይ የተነገረውን ቃል በመጨረሻ ለቀረው ለአንድ ወጣት ራሱ መናገር ነበረበት። ሕመሙን ማወቁ ሥራውን አላስቀረለትም። ማወቁ የጠቀመው ምናልባት በአነጋገሩ ነው፤ ያም ቢሆን ጥቂት ነገር አይደለም።

ሌላም ሳንጠቅሰው የማናልፈው ጉዳይ አለ። መራጭ የሚመርጠው ሰውን ብቻ አይደለም፤ ጠባይንም ነው። ምን ያለውን ልጅ እንደሚወስድ ከታች ያሉት ሕፃናት ሁሉ አይተው እንደዚያ ለመሆን ይጥራሉ። ጃንዋሪ 4 ቀን 1987 ፒየሽታኒ በምትባል የቼኮስሎቫኪያ ከተማ የካናዳና የሶቪየት ወጣቶች ሲጫወቱ ጠብ ተነሣ፤ ከመቀመጫ ያሉት ሁሉ ወደ በረዶው ዘለሉና የሁለት ቡድን ድብድብ ሆነ። ዳኞቹ ሊያበርዱት ስላልቻሉ የአዳራሹ መብራት ጠፋ፤ ልጆቹ ግን በጨለማም ተደባደቡ። ሁለቱም አገሮች ከውድድሩ ተሰረዙ፤ በእጅዋ ገብቶ የነበረው ሜዳልያም ከካናዳ እጅ ወጣ። ስለ ልጆቹ ብዙ ተጻፈ። እኛ የሚታየን ግን የልጆቹ ዕድሜ ነው። ጠብ የማይፈራውን ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲያጨበጭብለት የኖረ አዋቂ፣ በዚያች ሌሊት መብራቱ ሲጠፋ የት ነበርሁ ብሎ ራሱን መጠየቅ ይገባው ነበር።

እንግዲህ ምርጫ ይቅር አንልም። 20 ሰው የሚበቃበት ቦታ ላይ ሁለት መቶ ማሰለፍ አይቻልም፤ ሁሉ ይግባ የሚል ሰው ስለ ደግነቱ ይመሰገናል እንጂ ቡድን አይሠራም። በልደት ወር ኮታ ይደልደል የሚለውም ሐሳብ ለትልልቆቹ አይስማማንም፤ አንዱን ጥላ በሌላ ጥላ መተካት ይሆናልና። የምንለው ሁለቱ ምርጫዎች ይለዩ ነው። ለዲሴምበሩ ቡድን የሚመርጥ ሰው የሚመርጠው ለሥራ ነው፤ ሥራው ቀን ተቆርጦለታል፤ ዛሬ ከሁሉ የሚሻለውን መውሰዱ ተገቢ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጆችን የሚለይ ሰው ግን ምንም የሚቸኩልበት ሥራ የለበትም። የሚጠብቀው ውድድር አሥር ዓመት ይቀረዋል። ታዲያ በሩን አሁን ለምን ይዘጋል? በረዶው ሰፊ ነው፤ አሠልጣኙም ለሁለቱ ሊበቃ ይችላል። የሚዘጋው አብዛኛውን ጊዜ ዛሬ ማሸነፍ ስለሚፈልግ ነው፤ የዘጠኝ ዓመት ልጆች ዋንጫ ለእርሱ ለራሱ ስለሚያስፈልገው ነው። በዚህ ጊዜ ልጁን ለልጁ ሳይሆን ለራሱ መርጦታል ማለት ነው፤ እኛም መራጩ የሚጠየቅበት ይህ ነው እንላለን። ቅንነቱ ከዚህ ጥያቄ አያድነውም፤ ሚዛኑ የተዛባ መሆኑ በ1985 ታትሞ ተነግሯልና፣ ከዚያ በኋላ አላወቅሁም ማለት አይቻልም።

የወጣቶቹ ብሔራዊ ቡድን ግን በሁለቱ መካከል ያለ በመሆኑ መራጩን ይበልጥ ያስጨንቀዋል። ወርቅ ይጠበቅበታል፤ የሚመርጣቸው ደግሞ አድገው ያልጨረሱ ልጆች ናቸው። በዚያ ማለዳ ስልክ ከተጠሩት መካከል የ18 ዓመቱ ልጅ «በሚመጣው ዓመት ተመለስ» ሊባል ይችላል፤ ቃሉም እውነት ሊሆንለት ይችላል። የ19 ዓመቱ ልጅ ግን እንዲህ አይባልም። በ2025 ዲሴምበር ለተጀመረው ውድድር የተፈቀደላቸው በ2006 እና ከዚያ ወዲህ የተወለዱት ናቸው። ጃንዋሪ 1 ቀን 2006 የተወለደው ወደ ሆቴሉ ሊጠራ ይችል ነበር፤ አንድ ቀን ቀድሞ ዲሴምበር 31 የተወለደው ግን በዚያ ዓመት ደጁን አይረግጥም፤ የመጨረሻው ዕድሉ ባለፈው ዓመት ከሙሉ ዓመት ታላላቆቹ ጋር ተመዝኖ ባለቀ ጊዜ አብሮ አልቋል። አሠልጣኙ ያን ልጅ ባሰናበተበት ማለዳ የነገረው «ለዚህ ቡድን አላስፈለግኸኝም» ብሎ ነው? ወይስ «አንተ አትሆንም» ብሎ? ልጁ ሻንጣውን ይዞ ወደ አውሮፕላን ጣቢያ ሲሄድ ይዞት የሚሄደው ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን ነው።